ሲጠፋ የሚንቀጠቀጥ የናፍጣ ሞተር፦ ምልክቱን ከመንስኤው መለየት

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር በቃል የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ የተስተካከለ)



የዛሬው ርእሴ ጠባብ ይመስላል። የአንድ ናፍጣ መኪና ቁልፍ ሲዘጋ ሞተሩ ተወራጭቶና የመኪናውን አካል አንቀጥቅጦ ይቆማል። ባለቤቱ ደንግጦ ወደ ጋራዥ ይወስደዋል፤ በዚያም ብዙ ጊዜ በግምት ኢንጀክተር ወይም ፖምፓ ይቀየርለታል። ከአንድ ሚኒባስ ለሚተዳደር ቤተሰብ ይህ ከባድ ወጪ ነው፤ መንቀጥቀጡ ግን እንዳለ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ዕቃ ከመግዛታችን በፊት ምን መጠየቅ እንደሚገባን ላስረዳ እወዳለሁ።

አስቀድመን ባሕርዩን እንወቅ። በቤንዚን ሞተር እግራችንን ከነዳጅ መስጫው ስናነሣ የአየር መግቢያው ይጠብባል፤ ሞተሩ ሲጠፋ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ጥቂት ነው። የናፍጣ ሞተር ኃይል ግን በዋናነት የሚወሰነው በሚረጨው ነዳጅ መጠን ነው። በመሆኑም ነዳጁ ከተቋረጠ በኋላ እንኳ ፒስተኖቹ ሲሊንደር ሙሉ አየር እየሳቡ ያምቃሉ፤ መጠኑም እንደ ሞተሩ ዓይነት ወደ 14ኛ እስከ 22ኛ እጅ ይወርዳል። እያንዳንዱ እመቃ የሞተሩን ዘንግ ይገታዋል፤ የታመቀው አየር ሲለጠጥ ደግሞ መልሶ ይገፋዋል።

ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር 2 ጊዜ ያምቃል። ቆሞ ሲሠራ በደቂቃ 750 ዙር ቢዞር፣ በሴኮንድ 25 እመቃ ይኖራል ማለት ነው። ሞተሩ በጎማ መደገፊያዎቹ ላይ በራሱ የሚወዛወዝበት ድግግሞሽ ግን ከዚህ ያነሰ ነው። ሲጠፋ ዙሩ ቀንሶ በደቂቃ ወደ 300 ሲደርስ፣ እመቃው በሴኮንድ 10 ይሆንና ከዚያ ውዝዋዜ ጋር ሊገጥም ይችላል። ዥዋዥዌን በትክክለኛው ቅጽበት የሚገፋ እጅ በትንሽ ጉልበት ከፍ እንደሚያደርገው ሁሉ፣ በዚህች ቅጽበት ንዝረቱ ይጎላል። ስለዚህ ጥቂት መንቀጥቀጥ ባሕርይ እንጂ ብልሽት አይደለም። ሊያሳስበን የሚገባው ለውጡ ነው፤ ቀድሞ በዝግታ ይቆም የነበረ ሞተር አሁን ሲንገጫገጭ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው፦ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራስ ይንቀጠቀጣል? አዎን ከሆነ ሲሊንደሮቹ እኩል አይሠሩ ይሆናል፤ ኢንጀክተሮቹንና እመቃውን በመሣሪያ መለካት ይገባል። ሲሠራ ጸጥተኛ ሆኖ ሲጠፋ ብቻ የሚንገጫገጭ ከሆነ ግን ኢንጀክተር ቀዳሚ ተጠርጣሪ አይደለም።

ሁለተኛ፣ የአየር መዝጊያውን እንመልከት። በብዙ ዘመናዊ የናፍጣ ሞተሮች መግቢያው ላይ አንድ ክዳን አለ፤ ቁልፉ ሲዘጋ አየሩን ከልክሎ ሞተሩ በለስላሳ እንዲቆም ያደርጋል። ተመልሶ ከሚገባው የጭስ ማውጫ ጋዝ የሚመጣ ጥቀርሻ ሊያጣብቀው፣ የሚያንቀሳቅሰው ቀጭን የጎማ ቱቦም ሊቀደድ ይችላል። ምርመራው ቀላል ነው፦ አንድ ሰው ቁልፉን ሲዘጋ፣ ሌላው ከቺንጊያና ከቬንትሌተር ርቆ የክዳኑ ክንድ መንቀሳቀሱን ያያል። ካልተንቀሳቀሰ፣ ማጽዳት ወይም ቱቦውን መቀየር ሊበቃ ይችላል።

ሦስተኛ፣ የሞተሩን የጎማ መደገፊያዎች እንፈትሽ። የተሰነጠቀ ወይም ከብረቱ የተላቀቀ ጎማ፣ በውስጡ ፈሳሽ ላለውም ዓይነት የፈሳሽ ፍሳሽ፣ በዓይን ይታያል። መኪናው ሲነሣ ሞተሩ ጎልቶ የሚዘም ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

አራተኛ፣ ድምፁን እናድምጥ። ሞተሩ ሲነሣም ሲጠፋም ከማርሽ ሳጥኑ በኩል የብረት ግጭት ከተሰማ፣ ባለ ሁለት ክፍል ቮላኖ ያላቸው መኪኖች ላይ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያሉት ስፕሪንጎች ደክመው ሊሆን ይችላል። ይህን ለማየት ማርሽ ሳጥኑ መውረድ ስላለበት፣ ከላይ የጠቀስኳቸው ሳይፈተሹ አይጀመርም።

በመጨረሻ ሞተሩ ለመቆም የሚወስደው ጊዜ ይታይ። ቁልፉ ከተዘጋ በኋላ ጥቂት ጊዜ ከነደደ፣ በድሮ ፖምፓዎች ላይ ነዳጁን የሚዘጋው ኤሌክትሪካዊ ቫልቭ፣ ወይም የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ይጠረጠራል። ጭራሽ ሳይቆም ዙሩ ከጨመረና ጭሱ ከወፈረ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ሞተሩ ምናልባት ከቱርቦ ያመለጠ የራሱን ዘይት እያነደደ ነው፤ ቁልፉም አያቆመውም። በእጅ ማርሽ መኪና የእጅና የእግር ፍሬን አጥብቆ ይዞ፣ ትልቁን ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን መልቀቅ ሊያጠፋው ይችላል። ያ ካልተቻለ ሰዎችን ማራቅ ይቀድማል። እጅን ወደ አየር መግቢያው ማስጠጋት ፈጽሞ አይገባም።

የመካኒኩን ልምድ አላቃልልም፤ ልምዱ በቅደም ተከተል ሲደገፍ ግን ያለ አግባብ የሚቀየር ዕቃ ይቀንሳል። ከማይከፈልበት እይታ ወደሚከፈልበት ልኬት፣ ከልኬት ወደ መፍታት፣ ከመፍታት ወደ መግዛት እንሂድ።