አሮጌውን የጠፍር አልጋ እናድስ

በቆቦና በራያ ቆላ የብዙ ቤቶችን ጓሮ ዞር ዞር ብለን ብናይ አንድ የተለመደ ነገር እናገኛለን። እግሩ ወደ ላይ የተገለበጠ፣ ጠፍሩ የተበጣጠሰ አሮጌ አልጋ ከአጥር ጥግ ተጥሏል። ዶሮ ይሰፍርበታል፤ የማሽላ አገዳ ይከመርበታል። ቤት ውስጥ ደግሞ ልጆች መሬት ላይ በተነጠፈ ቁርበት ይተኛሉ። «ያ አልጋ የማን ነው?» ብለን ብንጠይቅ፣ «የአያታችን ነበር፤ አሁንማ ምን ያደርጋል፣ አርጅቷል» የሚል መልስ እናገኛለን። ለመሆኑ ያረጀው አልጋው ነው ወይስ ጠፍሩ ብቻ? «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

በዚህ ጽሑፍ አሮጌ የጠፍር አልጋ ለምንና እንዴት እንደሚታደስ እንመለከታለን።

አልጋው እንዴት ያለ ዕቃ ነው?

የጠፍር አልጋ አራት እግር፣ ሁለት የጎን እንጨት፣ እንዲሁም የራስጌና የግርጌ እንጨት አለው። እንጨቶቹ የሚያያዙት የአንዱን ጫፍ አቅጥኖ በሌላው ቀዳዳ ውስጥ በማስገባት ነው። መተኛው ከበሬ ቆዳ በተቆረጠ ጠፍር የተጠላለፈ ነው።

ስለዚህ አልጋው ሁለት ዓይነት ዕድሜ አለው ማለት ነው። ጠፍሩ ከዓመታት በኋላ ይላላል፤ ይበጠሳል። እንጨቱ ግን ከዋንዛ ወይም ከወይራ ከሆነ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። የቀድሞ ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር። ጠፍሩ ሲያልቅ ጠፍሩን ይለውጣሉ እንጂ አልጋውን አይጥሉም።

ይህ ዕቃ እስከ ዛሬ መቆየቱም ቀላል ነገር አይደለም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ ኋላም በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ወሎን ሲመታ ራያና ቆቦ ክፉኛ ከተጎዱት ቦታዎች መካከል ነበሩ። ሰው ከብቱንና የቤት ዕቃውን ሸጦ እህል ገዛ፤ የሚሸጠው ሲያልቅ ቀዬውን ጥሎ ወደ መኪና መንገድ ወጣ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነትም ከብዙ ቤት ብዙ ዕቃ ጠፍቷል። ይህን ሁሉ አልፎ የተረፈ አልጋ ማገዶ ሊሆን አይገባውም።

አልጋውን ማደስ ምን ይጠቅማል?

አንደኛ፣ ለጤና ይጠቅማል። ቆላችን ሞቃት ነው። መሬት ላይ የተኛ ልጅ ጊንጥና እባብ ሊነድፈው ይችላል። በክረምትም እርጥበቱ ያገኘዋል። የወባ ነገርም አለ። አልጋ ብቻውን ወባን አይከላከልም፤ የሚከላከለው አጎበር ነው። ይሁን እንጂ አጎበር በደንብ የሚያገለግለው ጠርዙ ከፍራሽ ሥር ሲጠቀጠቅ ነው። መሬት ላይ በተነጠፈ ቁርበት ዙሪያ ግን አጎበር መጠቅጠቅ ያስቸግራል፤ ልጁ ሲገላበጥ ይከፈታል፣ ትንኟም ትገባለች።

ሁለተኛ፣ ወጪ ይቀንሳል። ለማደሻ የሚያስፈልገን አንድ የበሬ ቆዳ፣ ጥቂት እንጨትና የጥቂት ቀን ሥራ ነው። ከሱቅ የሚገዛው ዕቃ ሁሉ ደግሞ ጠንካራ አይደለም። ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የሚሠራው ችፑድ ውኃ ሲነካው ያብጣል፣ ይፈረካከሳል።

ሦስተኛ፣ ዛፍ ያተርፋል። ዋንዛ ምስጥ ቶሎ የማይደፍረው፣ ለመጥረብም የሚመች እንጨት ነው። ፍሬው ይበላል፤ አበባው ለንብ ይሆናል። በዚህ ተፈላጊነቱ ምክንያት ተመናምኗል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጥድንና ኮሶን ከተፈጥሮ ደን መቁረጥን የከለከለው ለዚህ ነበር። አንድ የዋንዛ አልጋ ስናድስ አንድ ዛፍ ከመጥረቢያ አዳንን ማለት ነው።

መጀመሪያ አልጋውን እንመርምር

አልጋውን ወደ ፀሐይ እናውጣና አሮጌውን ጠፍር ሁሉ ቆርጠን እንጣል። ከዚያም እንጨቱን በቢላዋ ጫፍ ጫን ጫን እያደረግን እንውጋ። ቢላዋው ካልገባ እንጨቱ ደህና ነው። እንደ ቂጣ የሚገባ ከሆነ ግን ውስጡ በምስጥ ተበልቷል። በመዶሻ ቀስ ብለን ብንመታም እናውቃለን፤ ደህናው እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ የተበላው እንደ ባዶ ቅል ይጮኻል። ከትናንሽ ቀዳዳዎች እንደ ዱቄት የደቀቀ ነገር የሚረግፍ ከሆነ ነቀዝ አለበት።

የተበላው አንድ እግር ወይም አንድ የጎን እንጨት ብቻ ከሆነ እሱን ብቻ መለወጥ ይበቃል። አራቱም እግሮች ከተበሉ ግን ድካሙ ዋጋ የለውም። ደህናውን እንጨት ለዱካ ወይም ለመደርደሪያ ማዋል ይሻላል።

ትኋኑን እናጥፋ

አሮጌ አልጋ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ከትኋን መጽዳት አለበት። ትኋን ቀን ቀን በእንጨቱ መጋጠሚያና በጠፍሩ ቀዳዳ ተደብቆ ይውላል። ሰው ሳይነክስም ወራት ሊቆይ ስለሚችል «አልጋው ለረዥም ጊዜ ጓሮ ተጥሎ ነበርና ትኋን የለበትም» ማለት አይቻልም።

ማጥፊያው የፈላ ውኃ ነው። በየመጋጠሚያውና በየቀዳዳው ሙቀቱ ሳይበርድ እናፍስስ። እንቁላሉም የሚሞተው እንዲህ ሲሆን ነው። ከዚያ አልጋውን ፀሐይ ላይ እናድርቅ። ያመለጠ እንቁላል ቢኖር ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሚፈለፈል፣ ከዐሥር ቀን በኋላ ሥራውን እንድገመው። አሮጌው ጠፍር ይቃጠል።

አንዳንዶቻችን ላምባ እናፈስሳለን፤ ሌሎቻችን ለእህል የመጣ የተባይ መድኃኒት እንነሰንሳለን። ሁለቱም አደጋ ናቸው። ላምባው እሳት ያስነሳል። የእህል መድኃኒት በተነሰነሰበት አልጋ ላይ የተኛ ልጅ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ መርዝ ሲተነፍስ ያድራል።

እንጨቱን እናጥብቅ

አሮጌ አልጋ የሚንገዳገደው መጋጠሚያው ስለሚላላ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ሚስማር ይመታበታል። ሚስማር ግን ደረቁን እንጨት ይሰነጥቀዋል። የሚሻለው ከደረቅ ወይራ ቀጭን ሽብልቅ ጠርቦ በላላው መጋጠሚያ ውስጥ በመዶሻ ማስገባት ነው። ኮላ ከተገኘ አስቀድሞ መቀባት ነው።

አልጋው ቀጥ ማለቱን በገመድ እንለካለን። ገመዱን ከራስጌው ቀኝ ማዕዘን እስከ ግርጌው ግራ ማዕዘን እንዘርጋ፤ ቀጥሎም በሌላው ማዕዘን እንዲሁ እናድርግ። ሁለቱ ልኮች እኩል ከሆኑ አልጋው ቀጥ ብሏል።

ከዚያ በኋላ እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰን የተልባ ዘይት በጨርቅ እናሸው። የተልባ ዘይት ውሎ አድሮ ስለሚደርቅ እንጨቱን ከእርጥበት ይጠብቃል። ቅቤ ግን አይደርቅም፤ አይጥም ይጠራል። ዘይት የነካውን ጨርቅ ጠቅልለን ጥግ ላይ አንጣል። በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ስለሚችል ከቤት ውጪ ዘርግተን እናድርቀው።

ጠፍሩን እንጥፈር

ዋናው ሥራ ይሄ ነው። በመጀመሪያ የቆዳው ምንጭ ይታወቅ። ታሞ ከሞተ ወይም ሞቶ ከተገኘ ከብት ቆዳ አንውሰድ። አባ ሰንጋ የሚባለው በሽታ ከቆዳ ወደ ሰው ይተላለፋል፤ ሰውንም ይገድላል። ድርቅ ሲመጣና ከብት ሲያልቅ «ቆዳው እንኳ ይትረፍ» ማለት የተለመደ ነው። በዚህ ጊዜ ነው መጠንቀቅ። ቆዳው በደህንነቱ ከታረደ ከብት ይሁን።

ቆዳውን አንድ ወይም ሁለት ቀን ውኃ ውስጥ እንዘፍዝፈው። ከዚያ በላይ ከቆየ ይበሰብሳል። በጨው የቆየ ከሆነ በብዙ ውኃ ይታጠብ፤ ጨው እርጥበት ስለሚስብ ጠፍሩ በክረምት ይላላል። ሲለሰልስ ሥጋውንና ጠጉሩን በቢላዋ እንፋቀው። ከዳር ጀምረን፣ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት እየዞርን፣ ሁለት ጣት ያህል ስፋት ያለው አንድ ረዥም ጠፍር እንቁረጥ። ጠፍሩን ዛፍ ላይ አስረን፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ አንጠልጥለን ጥቂት እንወጥረው። አሁን የሚለጠጠው ኋላ አይላላም።

ጠፍሩ እንደ ረጠበ ከራስጌ ወደ ግርጌ በየቀዳዳው እናስገባ። ቀጥሎ ከጎን ወደ ጎን፣ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች እያሳለፍን እናጠላልፈው። ሲጨርሱ ጥላ ሥር ሦስት ወይም አራት ቀን ይደር። በቆላ ፀሐይ ከደረቀ ላዩ ቶሎ ይደርቅና ይሰነጠቃል።

ቆዳ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ እንጨቱንም በኃይል ይስበዋል። እኛም በዚህ አንድ ጊዜ ተሳስተናል። የአያታችንን አልጋ ስናድስ መጋጠሚያውን ሳናጠብቅ ጠፈርነው። በአራተኛው ቀን ብናይ የጎኑ እንጨት ወደ ውስጥ ጎብጧል፤ አንዱ እግር ከመሬት ተነሥቷል። ጠፍሩን ሁሉ ፈትተን እንደገና ዘፈዘፍን። በሁለተኛው ጊዜ በሁለቱ የጎን እንጨቶች መካከል ከሥር አንድ ወጋግራ አስገባን። ያ አልጋ ዛሬም ሁለት ልጆች ይተኙበታል። ስለዚህ መጀመሪያ እንጨቱ ይጥበቅ፣ ከዚያ ጠፍሩ ይጠፈር።

ቆዳ ያጣ ሰው ከአሮጌ የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ጠፍር መቁረጥ ይችላል። ጎማው በረባሶ ከሆነ ላስቲኩ ለምን ጠፍር አይሆንም?

አልጋውን የት እናስቀምጥ?

ምስጥ ከመሬት ወደ እንጨቱ የሚወጣው በጭቃ በሠራው መሿለኪያ ነው። የአልጋውን እግሮች በአራት ጠፍጣፋ ድንጋዮች ላይ እናቁም፤ ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል እናርቀው። በየሳምንቱ አልጋው ሥር ስንጠርግ በድንጋዩ ላይ ጭቃ ካየን ወዲያው እንፋቀው።

ዱካም ሆነ አሮጌ ሳጥን በዚሁ መንገድ ይታደሳል። መመርመር፣ ማጽዳት፣ በሽብልቅ ማጥበቅ፣ ዘይት መቀባት ነው።

ባለሙያውን እናክብር

በድሮ ጊዜ ቆዳ የሚሠራው «ፋቂ»፣ ብረት የሚሠራው «ቀጥቃጭ» እየተባለ ይናቅ ነበር። የሚሰድበው ሰው ግን ማታ የሚተኛው ፋቂው በሠራው ጠፍር ላይ ነበር። በንቀቱ ምክንያት ብዙ ባለሙያዎች ሙያቸውን ለልጆቻቸው ሳያስተምሩ ቀርተዋል። ዛሬ አልጋ መጥፈር የሚችል ሽማግሌ በየቀበሌው ብንፈልግ ጥቂት ነው የምናገኘው።

ስለዚህ አልጋውን ከጓሮ ከማንሣታችን በፊት አንድ ነገር እናድርግ። እንዲህ ያለ አባት በሰፈራችን ካሉ ሄደን እንለምናቸው። ልጆቻችንም አጠገባቸው ቁጭ ብለው ይዩ፤ ጠፍሩን ይያዙ፤ ይሳቡ። አልጋው ለልጅ ልጅ የሚተርፈው ከነሙያው ሲተላለፍ ነው።

ጥያቄዎች

1. የጠፍር አልጋ ሁለት ዓይነት ዕድሜ አለው የተባለው ለምንድን ነው?
2. ታሞ ከሞተ ከብት ቆዳ መውሰድ ምን ጉዳት ያመጣል?
3. ጠፍሩ ከመጠፈሩ በፊት እንጨቱ መጥበቅ ያለበት ለምንድን ነው?
4. በእናንተ ቤት ጓሮ የተጣለ አሮጌ ዕቃ አለ? ምን ሊሠራለት ይችላል?