«አብሽር» ብሎ መጥፋት አለ እንዴ?

የዛሬው ጨዋታችን ስለ አንዲት ቃል ነው። ቃሏ አራት ፊደል ብቻ ናት፤ «አብሽር»! እኔን ግን ከልብ ጓደኛዬ ጋር አኮራርፋኛለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጓደኛዬ ከሥራ ተቀንሶ፣ የሁለት ወር የቤት ኪራይ ተጠራቅሞበት፣ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ «ጨንቆኛል፣ ላግኝህ» የሚል መልእክት ላከልኝ። እኔ ሆዬ ኳስ እያየሁ ነበር። «አብሽር!» ብዬ መለስኩለትና ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። በቃ፣ ረሳሁት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ታክሲ ተራ ተገናኘን። «የት ጠፋህ?» ብለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አንተማ አብሽር ብለኸኛል፣ ከዚያ በላይ ምን ታድርግልኝ!» ብሎኝ ታክሲው ውስጥ ገባ።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለመሆኑ ምንድን ነበር ያልኩት?

ቃሏን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማኋት የዛሬ አሥር ዓመት ግድም፣ የ12ኛ ክፍል ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ ሳያስገባኝ የቀረ ጊዜ ነው። ቤት ዘግቼ ተኛሁ። ጎረቤታችን የደሴ ሰው ናቸው። ጀበናቸውን አንጠልጥለው መጡና «አብሽር የኔ ልጅ! ዱንያ በአንድ ወረቀት አታልቅም» አሉኝ። አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን አጠጥተውኝ ሄዱ። በማግስቱም መጡ። በሦስተኛውም ቀን መጡ። የሳቸው «አብሽር» ሦስት ቀን ሙሉ እግር አውጥታ ተመላለሰች ማለት ነው። የኔዋ ግን ከስልክ ወደ ስልክ ሄዳ እዚያው ቀረች።

እስቲ ስለ ቃሏ ትንሽ ላጫውታችሁ። «አብሽር» በወሎ አማርኛ «አይዞህ፣ አትጨነቅ፣ ነገሩ ይስተካከላል» ማለት ነው። ለሴት «አብሽሪ»፣ ለብዙ ሰው «አብሽሩ» ይባላል። የመጣችው ከዐረብኛ ሲሆን፣ እዚያ ትርጉሟ «ደስ ይበልህ፣ የምሥራች» ነው። የሚገርመው ደግሞ ዐረቡም ለሴት «አብሽሪ»፣ ለብዙዎች «አብሽሩ» ነው የሚለው! ዐረብኛና አማርኛ ሁለቱም ሴማዊ ቋንቋዎች ስለሆኑ ቃሏ ባሕር ተሻግራ ስትመጣ ልብሷን እንኳ መቀየር አላስፈለጋትም።

ደግሞ ሩቅ ዘመድ አትምሰላችሁ። ከግዕዝ የወረስነው «ብሥራት» የሥጋ ዘመዷ ነው፤ «አበሠረ» እና «አብሣሪ»ም እንደዚሁ። አዲስ አበባ ላይ ረዳቱ «ብሥራተ ገብርኤል! ብሥራተ ገብርኤል!» እያለ ሲጣራ የምትሳፈሩ ሁሉ የ«አብሽር»ን እህት ስትጠሩ ኖራችኋል። መስጊድ የሚሄደው ልጁን በሺር ወይም ቡሽራ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ብሥራት ብሎ ይሰይማል። ሥሩ ግን አንድ ነው፤ መልካም ወሬ።

ሶማሌዎች ዘንድ ደግሞ አብሽር ራሱ የሰው ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ሶማሊያ ነፃ ስትወጣ ፖሊሷን ይመሩ የነበሩት ጄኔራል መሐመድ አብሽር ሙሴ ይባሉ ነበር። እንደኛው ሁሉ ሶማሌም የሚጠራው በስሙ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው እንጂ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለውም። አሜሪካና አውሮፓ ሲሄድ ግን ፎርሙ ላይ የቤተሰብ ስም ይሞላ ስለሚባል፣ አያትየው አብሽር ከሆኑ አብሽር ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። አስቡት እንግዲህ፤ «አይዞህ» የሚል ስም እየወረሱ መኖር!

ሳቅም ለቅሶም ያለበት ግን የጎረቤቴ ልጅ ታሪክ ነው። ሪያድ ሰው ቤት ተቀጥራ በሠራች በሦስተኛው ወር «ደመወዜን ለእናቴ ላኩልኝ» ብላ ጌትዬውን ትጠይቃለች። እሱም «አብሽሪ!» ይላታል። እሷ በወሎኛ ነዋ የሰማችው! «አይዞሽ፣ ቻይው፣ ገንዘብ የለም» ያላት መስሏት ማድ ቤት ገብታ ስታለቅስ አደረች። በማግስቱ ገንዘቡ ተልኮ ደረሰኙን ሰጣት። ለካ እዚያ አገር አንድ ነገር ጠይቃችሁ «አብሽር» ከተባላችሁ «እሺ፣ ተፈጸመልህ» ማለት ኖሯል! የሳውዲ አረቢያ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ሰዎች ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድን የመሳሰሉ ጉዳያቸውን በኢንተርኔት የሚጨርሱበትን አገልግሎት «አብሽር» ብሎ የሰየመው ያለ ነገር አይደለም።

እንግዲህ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ቃሏ በደሴ መጽናኛ ናት፤ በሪያድ ቃል ኪዳን። በሁለቱም ቦታ ግን አንድ ነገር ይከተላታል፤ ወይ ጀበና ወይ ደረሰኝ። እኛ የአዲስ አበባ ልጆች ከወሎዬዎች ተቀብለን ምን አደረግናት? የወሬ መዝጊያ! ጓደኛችን ሲጨንቀው «አብሽር»፣ ብድራችንን ስንጠየቅ «አብሽር፣ ነገ»፣ ፍቅረኛችንን ካፌ አስቀምጠን ስናረፍድ «አብሽሪ፣ መንገድ ላይ ነኝ»... እውነት እንነጋገር ከተባለ «ተወኝ» ማለት ሲያሳፍረን የምንናገራት ቃል ሆናለች።

ስለዚህ እኔ ለራሴ ያወጣሁትን ሕግ ላካፍላችሁ። «አብሽር» ካላችሁ አንድ ነገር ጨምሩበት። ገንዘብ ከሌላችሁ ጊዜ ስጡ። ጊዜ ከሌላችሁ «ነገ ከሥራ ስወጣ እደውላለሁ» በሉና ደውሉ። የሰውየው ችግር ከአቅማችሁ በላይ ከሆነም «መፍትሔው አልታየኝም፣ ግን አብሬህ አለሁ» ማለት ነውር የለውም። «አብሽር» የተባላችሁት እናንተ ከሆናችሁና ሰውየው ከጠፋም ወዲያው አትቀየሙ። አንዴ ደውሉና «ወንድሜ፣ የምሬን ነው፣ ፈልጌሃለሁ» በሉት። እንደኔ ያለ ደንቆሮ ብዙ ነው፤ ሲነግሩት ነው የሚገባው።

ጓደኛዬስ አትሉኝም? ባለፈው እሑድ አንድ ኪሎ ቡና ገዝቼ ቤቱ ሄድኩ። በሩን ከፍቶ ለትንሽ ጊዜ ዝም ብሎ አየኝ። እኔም ያችን ቃል አልደገምኳትም፤ «አጥፍቻለሁ» ብቻ አልኩት። ገባሁ። ቡናው እስከ በረካው ተጠጣ። ሥራ እስኪያገኝ ድረስ የአንድ ወሩን ኪራይ እኔ ልችል ተስማማን። እንደ ድሮው ስቀናል ብዬ አልዋሻችሁም፤ ግን ስሄድ እስከ ታክሲ ተራው ሸኝቶኛል።

ሳምንት በሌላ ጨዋታ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ። አብሽሩ!