ከ1099 ወደ ደብልዩ-ቱ፦ አክስቴ ሠራተኞቿን በሕግ የቀጠረችበት መንገድ

አክስቴ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ አነስተኛ የጽዳት ድርጅት አላት። ማታ ማታ ጥቂት ቢሮዎችንና አንድ የጥርስ ክሊኒክ ያጸዳሉ። አብረዋት የሚሠሩት ስድስት ሴቶች ሁሉም የአገር ልጆች ናቸው። ለዓመታት "ሰብ ኮንትራክተር" እየተባሉ በቼክ ይከፈላቸው፣ ጥር ሲመጣ ደግሞ 1099 ይላክላቸው ነበር። አንድ ምሽት ከመካከላቸው አንዷ እርጥብ ደረጃ ላይ ተንሸራትታ የእጇ አንጓ ተሰበረ። ስድስት ሳምንት ሥራ የለም፣ ገቢ የለም፤ የሆስፒታሉ ቢል ግን አለ። አክስቴ ከኪሷ የቻለችውን ከፈለችና ደወለችልኝ። "አንተ አካውንቲንግ ትማራለህ አይደል? እስቲ ና፣ ይሄ የእኛ አሠራር ትክክል ነው ወይ?" አለችኝ።

ትክክል አልነበረም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ከእኛ ማኅበር አባላት ብዙዎቻችን ወይ እንዲህ ያለ ድርጅት ውስጥ ስለምንሠራ፣ ወይ እንዲህ ያለ ድርጅት ያላቸው ወላጆችና ዘመዶች ስላሉን ነው። ከኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች ቀጥሎ ስለ 1099 የሚወራበት ቦታ ቢኖር የጽዳት ሥራ ይመስለኛል።

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ "ሰብ ኮንትራክተር ነኝ" ብሎ መፈረም ሰውን ሰብ ኮንትራክተር አያደርገውም። አይ.አር.ኤስ. የሚመለከተው ሥራው በተግባር እንዴት እንደሚሠራ ነው። ሰዓቱን ማን ይወስናል? አሠራሩን ማን ያሳያል? ቫኪዩሙንና ሳሙናውን ማን ይገዛል? ሠራተኛዋ የራሷ ደንበኞች አሏት ወይ? ልትከስርስ ትችላለች? የአክስቴ ሠራተኞች ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ግቡ ሲባሉ ይገባሉ፣ የሕንፃውን ቁልፍ ከእሷ ይቀበላሉ፣ በእሷ ዕቃ ያጸዳሉ፣ በሰዓት ይከፈላቸዋል። ይህ ቅጥር ነው። የሜሪላንድ የሥራ አጥነት መድን ሕግ ደግሞ ከፌዴራሉም ይጠብቃል፤ ሰውየው ከቁጥጥር ነፃ መሆኑን፣ የራሱ የተቋቋመ ሥራ እንዳለውና የሚሠራው ከቀጣሪው የተለመደ ሥራ ውጭ መሆኑን የማስረዳት ሸክም በቀጣሪው ላይ ነው። የጽዳት ድርጅት ጽዳትን "ከተለመደው ሥራዬ ውጭ ነው" ሊል አይችልም። እጇ የተሰበረው ሴትም ጉዳዩን ለክልሉ የሠራተኞች ካሳ ኮሚሽን ብታቀርብ ኖሮ አክስቴ ኢንሹራንስ ያልገባች ቀጣሪ ተብላ ልትገኝ ትችል ነበር። ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ሠራተኛ ብቻ ያለው ቀጣሪም ቢሆን ወርከርስ ኮምፕ መግባት አለበት። አክስቴ ይህን ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች።

ከዚያ ሁሉም የሚፈራው ጥያቄ መጣ፤ ስንት ያስወጣል?

ቀጣሪ ለሶሻል ሴኩሪቲ 6.2 በመቶ፣ ለሜዲኬር 1.45 በመቶ፣ በድምሩ ከደመወዙ 7.65 በመቶ ከራሱ ይጨምራል። ያንኑ ያህል ከሠራተኛዋ ይቀነሳል። የፌዴራል የሥራ አጥነት ታክስ የሚከፈለው ከእያንዳንዱ ሠራተኛ የመጀመሪያ 7,000 ዶላር ላይ ብቻ ሲሆን፣ የክልሉን በጊዜው ለሚከፍል ብዙውን ጊዜ በዓመት በሰው 42 ዶላር ነው። የሜሪላንዱ የሚሰላው ከመጀመሪያው 8,500 ዶላር ላይ ነው። ወርከርስ ኮምፕ ሲጨመር፣ የፔይሮል አገልግሎቱ ክፍያም ሲታከል፣ በአክስቴ ሂሳብ በየ100 ዶላሩ ደመወዝ ላይ ወደ 13 ዶላር ግድም መጣ። የእናንተ ይለያል፤ በተለይ የኢንሹራንሱ ዋጋ።

አሁን ከሠራተኛዋ ወገን ሆነን እናስላው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በሰዓት 20 ዶላር፣ በሳምንት 30 ሰዓት ብትሠራ 600 ዶላር ታገኛለች። ሰብ ኮንትራክተር ከሆነች የሁለቱንም ወገን ድርሻ ራሷ ትከፍላለች፤ 15.3 በመቶ፣ የሚሰላውም ከገቢው 92.35 በመቶ ላይ ስለሆነ 85 ዶላር ገደማ ይሆናል። ከዚህ በኋላ 515 ዶላር ይቀራታል። ተቀጣሪ ሆና ያው 20 ዶላር ቢከፈላት የሚቀነሰው 46 ዶላር ያህል ስለሆነ 554 ይቀራታል። ደመወዟ ወደ 18 ዶላር ከ60 ሳንቲም ቢወርድ እንኳ የሚቀራት ያው 515 ነው። ይህ ሁሉ ከገቢ ታክስ በፊት ነው።

ወረቀት ላይ ሲታይ ግልጽ ነው። ችግሩ ከስድስቱ መካከል ያንን 85 ዶላር በየሳምንቱ ለብቻው የምታስቀምጥ አለመኖሯ ነው። ሃያው ዶላር ሃያ ነው ብለው ነው የኖሩት፤ ሚያዝያ ላይ ታክስ ሲሠሩ ደንግጠው ይከፍላሉ ወይም በክፍፍል ይገባሉ። ስለዚህ አክስቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ነገሩ ሲነሳ የመጀመሪያው ቃል "ልትቀንሺብን ነው?" የሚል ነበር። በዕድሜ ትልቋ ወደ እኔ ዞረው "አንተ ልጅ፣ ፈረንጁ የሚያስተምርህ ይሄን ነው?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ወረቀትና እርሳስ አውጥቼ የባለፈውን ዓመት የታክስ ወረቀታቸውን ይዘው ለመጡት ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ አሰላሁላቸው። ያሳመናቸው ግን የእኔ ሂሳብ አይመስለኝም። አንዷ ባለቤቷን ከአዲስ አበባ ለማምጣት ፕሮሰስ ላይ ነበረች። የድጋፍ ማረጋገጫው ቅጽ፣ ማለትም አይ-864፣ የሚጠይቀው ገቢ ለቤተሰቡ ቁጥር ከተቀመጠው የድህነት መለኪያ 125 በመቶ ነው፤ የሚታየውም በታክስ ላይ የተመዘገበው ገቢ ነው። እሷ የመኪና ወጪና ሌላውን ሁሉ ስትቀንስ ኖራ ወረቀት ላይ ምስኪን ሆና ነበር። "እኔ ቅጠሩኝ" አለች። ሌሎቹ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ መጡ።

አክስቴ በመጨረሻ ሃያውን አልነካችም። ከሁለት ደንበኞች ጋር ዋጋ ለመጨመር ተነጋገረች፤ አንዱ እሺ አለ፣ አንዱ ሌላ ድርጅት ፈለገ።

ምዝገባው ከሚወራው በታች ቀላል ነው። ኢ.አይ.ኤን. ከአይ.አር.ኤስ. በነፃ ይወጣል፤ ገንዘብ የሚጠይቅ ድረ ገጽ ካገኛችሁ ዝጉት። ለሜሪላንድ ታክስ ኮምፕትሮለሩ ዘንድ፣ ለሥራ አጥነት መድን የክልሉ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት ዘንድ ይመዘገባል። እያንዳንዷ ሠራተኛ ደብልዩ-4፣ የሜሪላንዱን ኤም.ደብልዩ.507 እና አይ-9 ትሞላለች። አዲስ ተቀጣሪ በ20 ቀን ውስጥ ለክልሉ ይነገራል። ፎርም 941 በየሩብ ዓመቱ ይገባል። ጅማሬውን ጥር 1 ማድረጉ ይሻላል፤ ለአንድ ሰው በአንድ ዓመት ለዚያው ሥራ 1099 እና ደብልዩ-ቱ ሁለቱንም መላክ ጥያቄ ይጋብዛል።

የከበደው የገንዘቡ ፍሰት ነው። ቀድሞ አክስቴ ሠራተኞቹን የምትከፍለው ሕንፃዎቹ ሲከፍሏት ነበር፤ እነሱ ደግሞ 30 ቀን፣ አንዳንዴም 45 ቀን ያቆያሉ። ተቀጣሪ ግን አይጠብቅም፤ የሜሪላንድ ሕግ ቢያንስ በሁለት ሳምንት አንዴ ወይም በወር ሁለት ጊዜ ክፈል ይላል። አክስቴ የወር ተኩል ደመወዝ የሚሸፍን መጠባበቂያ ያስፈልጋት ነበርና የእቁብ ተራዋን ለምና አስቀደመች። እቁቡ ሌላም ነገር ለማስረዳት ጠቀመኝ፦ ከሠራተኛ የተቀነሰ ታክስ ልክ እንደ እቁብ ሰብሳቢ እጅ ላይ ያለ ገንዘብ ነው፤ አካውንቱ ውስጥ ቢታይም ያንተ አይደለም። ኪራይ ጎደለ ብሎ ከዚያ የነካ ቀጣሪ፣ ድርጅቱ ኤል.ኤል.ሲ. ቢሆንም እንኳ በግሉ ሙሉውን ሊጠየቅ ይችላል። ለዚህ ሲባል ታክሱን በየክፍያው ራሱ የሚቆርጥና የሚያስገባ የፔይሮል አገልግሎት ያዝን።

ሰዓትም ይቆጠራል። ከመጀመሪያው ሕንፃ ወደ ሁለተኛው የሚነዱበት ጊዜ ሥራ ነው፤ ከ40 ሰዓት በላይ ሲሆን አንድ ተኩል ነው። ተቀጣሪ ከ2018 ጀምሮ የመኪና ወጪውን ከፌዴራል ታክሱ መቀነስ ስለማይችል፣ አክስቴ በሕንፃዎቹ መካከል ያለውን ማይል ቀንና ቦታ በተጻፈበት መዝገብ ትመልስላቸዋለች፤ በአግባቡ ከተመዘገበ ታክስ የለበትም። የሕመም ፈቃድንም አትርሱ፤ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከክልሉ የተለየ የራሱ የሕመም ፈቃድና የደመወዝ ወለል ሕግ አለው።

ያለፉት ዓመታትስ? አይ.አር.ኤስ. ከ2011 ጀምሮ በፈቃዳቸው ለሚያስተካክሉ ቀጣሪዎች የሚሰጠው መውጫ አለ። ያለፉትን ሦስት ዓመታት 1099 በትክክል ያስገባ፣ በዚህ ጉዳይ ኦዲት ላይ ያልሆነ ቀጣሪ ፎርም 8952 ያስገባል፤ ተቀባይነት ካገኘ የሚከፍለው ለሠራተኞቹ በመጨረሻው ዓመት ከከፈለው ከ1 በመቶ ትንሽ የሚበልጥ ነው፤ ቅጣትና ወለድ የለም፣ ያለፉት ዓመታት ምደባም አይነሳም። ማመልከቻው ከቅጥሩ መጀመሪያ ወራት ቀድሞ መግባት አለበት። ክልሉን ግን አያስርም። አክስቴ 1099ዎቹን በየዓመቱ ስለላከች አዳናት፤ በጥሬ ገንዘብ ብቻ ሲከፍል የኖረ ሰው በዚህ በር አይገባም፤ የታክስ ጠበቃ ያነጋግር።

ስለ አይ-9 አንድ ነገር። ቀጣሪ "ግሪን ካርድሽን አምጪ" ማለት የለበትም፤ ከተፈቀዱት ሰነዶች የቱን እንደምታቀርብ የምትመርጠው ሠራተኛዋ ናት። አሳይለም ጠይቀው የሥራ ፈቃድ ካርድ የያዙ ሁለቱ ሴቶች ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ፈታ አለ። ኤፍ-1 ላይ ያላችሁ ተማሪዎች ግን ተጠንቀቁ። "በ1099 ከሆነ ችግር የለውም" የሚባለው ውሸት ነው፤ ያለ ፈቃድ ከካምፓስ ውጭ መሥራት በየትኛውም ቅጽ ቢከፈል ስታተስ ያበላሻል፤ ዘመድ መሆኑም አያድንም። እኔም አክስቴን በሂሳቡ የረዳኋት በነፃ ነው፤ ዜጋ ብሆንም፣ ምሳ አብልታኝ ነው የሸኘችኝ።

በነገራችን ላይ የ1099 መላኪያ ወለል ከ2026 ክፍያዎች ጀምሮ ከ600 ወደ 2,000 ዶላር ከፍ ብሏል። ቅጹ አልመጣም ማለት ገቢው ታክስ የለበትም ማለት አይደለም።

ስድስቱም አልተቀጠሩም። አምስቱ ገቡ። ስድስተኛዋ መስኮት የምታጸዳው ናት፤ የራሷ መሰላልና ዕቃ፣ የራሷ ኤል.ኤል.ሲ.፣ ሌሎች ደንበኞችም አሏት፤ ዋጋዋን ራሷ ትናገራለች፣ ካልተመቻት አትመጣም። እሷ ዛሬም ሰብ ኮንትራክተር ናት። አክስቴ የመድን ሰርተፍኬቷን በየዓመቱ ተቀብላ ከውሉ ጋር ፋይል ውስጥ ታስቀምጣለች።