ትንሽ ውሻ ትልቁን ውሻ ስለ ምን ይፈራል?

ውሻ የባላገር የሌሊት ዘበኛ ነው። ጅብ ወደ በረት ሲጠጋ፣ ሌባ አጥር ሲዘል ባለቤቱን የሚቀሰቅሰው እርሱ ነው። ነገር ግን አንዳንዱ ውሻ የጎረቤትን ትልቅ ውሻ ባየ ጊዜ ጅራቱን ወሽቆ ወደ ጓዳ ይሮጣል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «ፈሪ ነው፤ አይረባም» ይላል። ሆኖም ፍርሃቱ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱን ያወቀ ገበሬም አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ ሊከላከለው ይችላል።

የመጀመሪያው ምክንያት የአካል መበላለጥ ነው። ትልቅ ውሻ ለጨዋታ ብሎ ቢዘልበት እንኳ ትንሹን ሊጎዳው ይችላል። ስለዚህ ትንሹ መሸሹ ራሱን መጠበቁ ነው እንጂ ነውር አይደለም።

ሁለተኛው አስተዳደግ ነው። የቡችላ ዓይን የሚገለጠው በተወለደ በሁለት ሳምንት ገደማ ነው። ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ቡችላው በሰላም ያየውንና የለመደውን ነገር አድጎም አይሸሸውም። በዚሁ ጊዜ ክፉኛ ከተነከሰ ግን ፍርሃቱ ዕድሜውን ሁሉ ሊከተለው ይችላል። ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር የተባሉ የአሜሪካ ሊቃውንት ብዙ ውሾች አሳድገው ከመረመሩ በኋላ በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ጊዜና የዘርን ድርሻ በሰፊው አስረድተዋል።

ሦስተኛው እስራት ነው። የታሰረ ውሻ መሸሽ አይችልም። መሸሻ ያጣ ፈሪም ይነክሳል። ጆሮውን ወደ ኋላ ካጠፈ፣ ፊቱን ካዞረ፣ አፉን ደጋግሞ ከላሰ ፈርቷልና ልጆች እንዳይጠጉት ያስፈልጋል።

ስለዚህ ገበሬው የሚከተለውን ያድርግ፦

1. ቡችላው 8 ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ አይለየው።
2. ረጋ ካለ ትልቅ ውሻ ጋር ጥቂት በጥቂት ያለማምደው፤ የሚሸሽበትም ቦታ ይተውለት።
3. ትልቁንና ትንሹን በአንድ ዕቃ አያብላቸው፤ ጠብ ብዙ ጊዜ የሚነሣው በምግብ ነው።
4. ውሻ ፈራ ብሎ አይምታው፤ ዱላ ፍርሃትን ይጨምራል እንጂ አያጠፋም።
5. ልጆች ውሾችን እንዳያዋጉ ይከልክል።

በመጨረሻም አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። ትልልቆቹን ይፈራ የነበረ ትንሽ ውሻ በድንገት ያገኘውን ሁሉ መንከስ ቢጀምር ደፋር ሆነ ብላችሁ አትደሰቱ። እንዲህ ያለ ድንገተኛ የጠባይ ለውጥ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል። ደፋር የነበረውም በድንገት ጨለማ ፈልጎ ቢደበቅ እንደዚሁ ያጠራጥራል። ሰው ቢነክስ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፣ ሳይውሉ ሳያድሩም ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። የበሽታው ምልክት በሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ለማለት ይቻላል፤ አስቀድሞ የሚሰጠው ክትባት ግን ያድናል።

የልማት ሠራተኞችም በየቀበሌው ውሾች 3 ወር ሲሞላቸው እንዲከተቡ፣ ክትባቱም በጊዜው እንዲታደስ ገበሬውን ሊመክሩ ይገባል። በሚገባ ያደገና የተከተበ ውሻ ትንሽም ቢሆን ለቤቱ ታማኝ ዘበኛ ነው።