ሲራራ ነጋዴ (ጎንደር፣ ዳባትና ደባርቅ)

ሲራራ ነጋዴ ማለት ሸቀጡን በበቅሎና በአህያ፣ በቆላም በግመል አስጭኖ ከአገር አገር የሚዘዋወር የሩቅ መንገድ ነጋዴ ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ ከታወቁት የሲራራ መንገዶች አንዱ ከጎንደር ተነሥቶ በዳባትና በደባርቅ በኩል የሊማሊሞን ገደል ይወርዳል፤ ከዚያ ተከዜን ተሻግሮ በዓድዋ በኩል ምፅዋ ይደርሳል። በዚህ መንገድ የነገዱት ሰዎች ብዙዎቹ ሙያውን ከአባት ለልጅ ያስተላለፉ ቤተሰቦች ነበሩ። የእነርሱ ታሪክ የርስትን፣ የሃይማኖትንና የዘመን መለዋወጥን ታሪክ አብሮ ይዟል።

መንገዱ

ጎንደር በዐፄ ፋሲል ዘመን፣ በ1628 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1636) የመንግሥት መቀመጫ ከሆነች በኋላ የንግድም ማዕከል ሆነች። ወደ ቀይ ባሕር የሚሄደው ቅፍለት ከከተማዋ ወጥቶ የወገራን ደጋ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ያቋርጥና ደባርቅ ይደርሳል። ደባርቅ የደጋው ጫፍ ናት። ከእርሷ አልፎ መንገዱ በወልቀፊትና በሊማሊሞ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ወደ ዛሪማና አዲ አርቃይ ቆላ ይገባል።

ይህ ገደል ለነጋዴው ከባድ ፈተና ነበር። ጭነቱን ከአጋሰስ ጀርባ አውርዶ በሰው ሸክም ማሻገር የሚያስፈልግበት ቦታ አለ። ለገዢዎች ግን ገደሉ ጥቅም ነበረው፤ ሌላ መተላለፊያ የሌለው በር ኬላ ለማቆምና ቀረጥ ለመሰብሰብ የተመቸ ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ተከዜ ስለሚሞላ ንግዱ ይቀዘቅዛል፤ ነጋዴውም ጉዞውን በበጋ ወራት ለማድረግ ይገደዳል።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ከምፅዋ በኅዳር 1762 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1769) ተነሥቶ፣ በዓድዋ ቆይቶ፣ ሊማሊሞን ወጥቶ ጎንደር የገባው በየካቲት ወር ነው። ጉዞው ሦስት ወር ያህል ፈጀበት። በመንገዱ ላይ ከረዱት ሰዎች መካከል ያኒ የተባለ በዓድዋ የራስ ሚካኤል ስሑል ቀረጥ ሰብሳቢ የነበረ ግሪካዊ ይገኝበታል።

የነጋዴ ቤተሰቦች

በጎንደር ዘመን ከሩቅ ንግድ አብዛኛው በጀበርቲ እጅ ነበር። ጀበርቲ የሚባሉት አማርኛ ወይም ትግርኛ የሚናገሩ የደጋው ሙስሊሞች ናቸው። ንግድን የቤተሰብ ሙያ ያደረጉበት ዋነኛ ምክንያት መሬት ነው። በደጋው አገር የማረስ መብት የሚገኘው በርስት ሲሆን፣ ርስትም በዘር ቆጠራ የሚወረስ የክርስቲያኑ ገበሬ ድርሻ ሆኖ ቆይቷል። ከርስት የተገለለ ቤተሰብ የሚያወርሰው ማሳ ስለሌለው ለልጁ የሚያወርሰው ሙያ ነበር፤ ሽመና ወይም ንግድ። በወገራና በሰሜን ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤልም እንዲሁ ከርስት የራቁ ስለነበሩ በአንጥረኝነትና በሸክላ ሥራ ይተዳደሩ ነበር፤ ማረሻውንና እንስራውን ለገበያ የሚያቀርቡት እነርሱ ነበሩ።

በ1660 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1668) በዐፄ ዮሐንስ 1ኛ ዘመን በጎንደር የተሰበሰበ ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። በዚህም እስላም ቤት የተባለው ሰፈር ተለየ። ውሳኔው መለያየት ቢሆንም ነጋዴዎቹን በአንድ ቦታ ስላሰባሰባቸው ጋብቻው፣ ሽርክናውና ብድሩ በሰፈሩ ውስጥ እንዲጠነክር ረድቷል። ባል በቅፍለት ወራት ሲቆይ ቤቱንና የተረፈውን ሸቀጥ የምትጠብቀው ሚስት ነበረች። ልጅ በአባቱ ጉዞ እየተከተለ መንገዱን፣ የኬላውን ጠባይ፣ የገበያውን ዋጋና የታመነውን ደንበኛ ይለይ ነበር። የነጋዴ ቤት ትልቁ ውርስ ይህ ዕውቀትና መታመን ነው።

ነጋዴዎቹ ለቤተ መንግሥትም ያስፈልጉ ነበር፤ የውጭውን ዓለም የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና። ፈረንሳዊውን ሐኪም ሻርል ፖንሴን በ1691 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1699) ከካይሮ ወደ ቀዳማዊ ኢያሱ ያመጣው ሐጂ ዓሊ የተባለ ነጋዴ ነበር። ኮጃ ሙራድ የተባለ የአርመን ነጋዴም የጎንደር ነገሥታት መልእክተኛ ሆኖ እስከ ባታቪያ፣ ማለትም እስከ ዛሬዋ ጃካርታ፣ ደጋግሞ ተጉዟል። ፖንሴ ሲመለስ ወደ ፈረንሳይ እንዲላክ የታሰበው ሌላው ሙራድ የዚሁ ነጋዴ የወንድም ልጅ እንደነበር ይነገራል። በካይሮ የነበረው የፈረንሳይ ቆንስል ግን መልእክተኛነቱን ስለተጠራጠረ ጉዞው ሳይሳካ ቀረ።

ሸቀጡና ገንዘቡ

ወደ ባሕር ከሚወርደው ሸቀጥ ውስጥ ማር፣ ሰም፣ ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅና ቆዳ ነበሩበት። ከእነዚህ ጋር ሰዎችም በባርነት ይሸጡ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሕግ ክርስቲያን ባሪያ እንዳይሸጥ ስለሚከለክል ሽያጩን በአብዛኛው ያካሂዱ የነበሩት ሙስሊም ነጋዴዎች ቢሆኑም፣ ገዥውና ቀረጥ ተቀባዩ የክርስቲያን መኳንንትም ነበሩ። ከባሕር ማዶ የሚመጣው ደግሞ ጨርቅ፣ ዶቃ፣ መስታወት፣ ኩል፣ ቁንዶ በርበሬና ሌላ ቅመማ ቅመም፣ የጦር መሣሪያ፣ እንዲሁም ክርስቲያኖች ለማተብ የሚፈልጉት ሰማያዊ ሐር ነበር።

ለዕለት ገበያ ዋናው መገበያያ አሞሌ ጨው ነበር። ጨው ከአፋር ዝቅተኛ ስፍራ ተቆርጦ በትግራይ በኩል ይመጣል፤ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። ስለዚህ አሞሌ ገንዘብም ሸቀጥም ነበር። በትግራይ ርካሽ ገዝቶ ሊማሊሞን የሚያወጣ ነጋዴ ጎንደር ሲደርስ ያተርፋል፤ ዝናብ ካገኘው ግን ገንዘቡ ይሟሟል። ለትልልቅ ግዢ የሚያገለግለው 1780 የሚል ዓመት የተጻፈበት የኦስትሪያ ማርትሬዛ ብር ነው።

ከሲራራው በታች በጉሊት የሚቸረችሩ ሰዎች ነበሩ። ቅመም፣ በርበሬ፣ ጌሾና የኮሶ መድኃኒት በጥቂቱ እየሰፈሩ የሚሸጡት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። መኳንንቱ ይህን ሥራ ይንቁት ነበር። የዐፄ ቴዎድሮስ ተቀናቃኞች ንጉሡን «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ መስደባቸው ችርቻሮ ምን ያህል ዝቅ ተደርጎ ይታይ እንደነበር ያሳያል።

ማር፣ ጠጅና ቡና

በሰሜኑ ደጋ መጠጥ በአብዛኛው በቤት የሚጠመቅ ነበር። ገበሬው ከገብስ ጠላ ይጠምቃል፤ ጠጅ ግን ማር ስለሚጠይቅ የመኳንንትና የሀብታም መጠጥ ሆኖ ቆየ። ስለዚህ ነጋዴው የሚያቀርበው የተጣለ ጠጅ ሳይሆን ማሩንና ጌሾውን ነበር። የሙስሊም ቤተሰቦች ማር ይነግዳሉ እንጂ ጠጅ አይጠጡም፤ ለእንግዳ የሚያቀርቡት ያልፈላ ብርዝ ነው።

ቡና በተቃራኒው ለረጅም ጊዜ የሙስሊም መጠጥ ተደርጎ ይታይ ነበር። የሰሜን ክርስቲያኖች በስፋት መጠጣት የጀመሩት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። ከዚያ በፊት የጎንደር ነጋዴ ቡናውን የሚያሻግረው በዋናነት ለባሕር ማዶ ገበያ ነበር።

ነጋድራስ

ቅፍለት በአንድ ሰው የሚመራ ነበር። ይህ ሰው ነጋድራስ፣ ማለትም የነጋዴ ራስ ይባላል። የት እንደሚታደር የሚወስነው፣ ከኬላ ጠባቂ ጋር የሚከራከረውና በነጋዴዎች መካከል የሚነሣውን ጠብ የሚዳኘው እርሱ ነው። ቀስ በቀስ ነጋድራስነት የመንግሥት ሹመት ሆነ፤ ሥራውም ገበያን መቆጣጠርና ቀረጥ መሰብሰብ ሆነ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የአዲስ አበባው ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል በ1900 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1907) የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። የምጣኔ ሀብት ጸሐፊው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝና ደራሲው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስም ነጋድራስ የሚለውን ማዕረግ ይዘው በድሬ ዳዋ አገልግለዋል።

በዚያው ዘመን በእንግሊዝ

የጎንደር ነጋዴዎች በሊማሊሞ ሲመላለሱ፣ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1837–1901) በእንግሊዝ ከተሞች ሻይ፣ ስኳር፣ ቅመምና ወይን የሚሸጡ የቤተሰብ መደብሮች ይበዙ ነበር። ቤሪ ብራዘርስ የተባለው የለንደን የወይን ነጋዴ ቤት እ.ኤ.አ. በ1698 የተጀመረው በሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1860 እና በ1861 የወጡ ሕጎች ባለሱቆች ወይን በጠርሙስ እንዲሸጡ ሲፈቅዱ፣ በ1857 በሁለት ወንድማማቾች የተመሠረተው የጊልቢ ድርጅት በየከተማው ባሉ ሱቆች በኩል ገበያውን አስፋፋ።

ልዩነቱ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የእንግሊዙ ነጋዴ ሀብት በአንድ ቦታ የቆመ ሱቅ ነው፤ ሕግ ይጠብቀዋል፤ ልጅ ይወርሰዋል። የሲራራው ነጋዴ ሀብት ግን በመንገድ ላይ ነበር፤ በየኬላው ይቀረጣል፤ ጦርነት በተነሣ ቁጥር ሊዘረፍ ይችላል። ሁለቱን ዓለሞች በውል ለማገናኘት የሞከረው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ነበር። እርሱ በ1842 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1849) ከራስ ዓሊ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ስምምነት ቢፈራረምም፣ ራስ ዓሊ ብዙም ሳይቆዩ ሥልጣን አጡ። ፕላውደንም እ.ኤ.አ. በ1860 በጎንደር አቅራቢያ ተገደለ።

መዳከም

ዐፄ ቴዎድሮስ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው በ1847 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1855) በሰሜን በደረስጌ ማርያም ነገሡ። በኋላ ግን ጎንደር በእርሳቸው ጦር ተዘረፈች፤ በ1859 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1866)ም ተቃጠለች። በ1870 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1878) የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ከተደረገ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ስላዘዙ ብዙ የጎንደር ነጋዴዎች ወደ መተማና ወደ ሱዳን ተሰደዱ። በትውልዶች የተገነባው የደንበኛና የብድር ትስስር አብሮ ተበጠሰ። በ1880 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1888) ደርቡሾች ጎንደርን አቃጠሉ፤ የክፉ ቀን ረኃብም ተከተለ።

የንግዱ አቅጣጫም ተቀየረ። ጣልያን እ.ኤ.አ. በ1885 ምፅዋን ያዘ፤ የመንግሥት መቀመጫ ወደ አዲስ አበባ ሄደ፤ የጅቡቲ ባቡር በ1909 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1917) አዲስ አበባ ሲደርስ የአገሪቱ ዋና የንግድ በር ምሥራቅ ሆነ። በጣልያን ወረራ ጊዜ በሊማሊሞ ገደል ላይ የመኪና መንገድ ተሠራ፤ የወልቀፊት የጣልያን ምሽግም እስከ መስከረም 1934 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1941) ድረስ ሳይወድቅ ቆየ። ከዚያ በኋላ የሩቅ ጭነት በመኪና መጓዝ ጀመረ፤ በቅሎው ለአቅራቢያ ገበያ ብቻ ቀረ።

የቤተሰብ ታሪክን ማጥናት

የአንድ የእንግሊዝ ባለሱቅ ዘር እ.ኤ.አ. ከ1837 በተጀመረው የልደትና የሞት ምዝገባ፣ ከ1841 ጀምሮ ስም እየዘረዘረ በየ10 ዓመቱ በሚደረገው የሕዝብ ቆጠራና በንግድ ማውጫዎች ይገኛል። በኢትዮጵያ ዘመናዊው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2016) ነው። ስለዚህ የሲራራ ነጋዴን ቤተሰብ የሚያጠና ሰው ሌላ መንገድ ይከተላል።

የመጀመሪያው የቃል ትውስታ ነው። የርስት ባለቤት የሆነ ገበሬ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥረው መሬቱን ለማስከበር ጭምር ነው፤ ርስት ያልነበረው ነጋዴ ግን ይህ ግዴታ ስላልነበረበት ትውስታው በጋብቻ፣ በሰፈርና በጉዞ ታሪክ ላይ ያተኩራል። ሁለተኛው በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የተጻፉት የመሬትና የቤት ሽያጭ ማስታወሻዎች ናቸው፤ የሻጭ፣ የገዢና የምስክር ስም ይመዘግባሉ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር ሰብስበው ወደ መቅደላ የወሰዷቸው መጻሕፍት በ1860 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1868) በእንግሊዝ ጦር ተወስደዋል፤ 350 ያህሉ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ስለሚገኙ ከማስታወሻዎቹ ብዙዎቹ ዛሬ የሚነበቡት ለንደን ነው። ሦስተኛው የተጓዦች መጻሕፍት ናቸው፤ የነጋዴዎችን ስም በባዕድ አጻጻፍ ስለሚያዛቡ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃሉ።

ዛሬ

ደባርቅ ዛሬ የሰሜን ጎንደር ዞን ከተማና እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ወደተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ናት። ገበሬዎች ገብሱንና ከብቱን ወደ ደባርቅና ዳባት ገበያ ያወጣሉ፤ አህያና በቅሎም ከተራራው መንደሮች ጭነት ማመላለሳቸውን አልተዉም። ሲራራ የሚለው ቃል በዕለት ንግግር እየተረሳ ቢሆንም፣ በከተሞቹ ዘይት፣ ስኳርና ሳሙና የሚቸረችረው ባለሱቅ የዚያው ሰንሰለት የመጨረሻ ቀለበት ነው። ከእንግሊዝኛ የተወሰደው ግሮሰሪ የሚለው ቃል ግን በአማርኛ ሌላ ትርጉም ይዟል። በእንግሊዝ ቅመምና ስኳር የሚሸጥበትን ሱቅ ሲያመለክት፣ በኢትዮጵያ ከተሞች ሰዎች ቢራና ሌላ መጠጥ የሚጎነጩበት አነስተኛ ቤት መጠሪያ ሆኗል።