ለፎቶ ሥራ የዘገየ የቤት ኮምፒውተር፦ ቅድሚያ ሊሻሻል የሚገባው የትኛው ክፍል ነው?

ጥር የሠርግ ወር ነው። በዚህ ወቅት በሺዎች የሚቆጠሩ ፎቶዎች በየፎቶ አንሺው እጅ ይከማቻሉ፤ አልበሙ ደግሞ በተቆረጠው ቀን ለሙሽሮቹ መድረስ ይኖርበታል። ሥራውን በመኖሪያ ቤቱ ለሚያከናውን ባለሙያ ኮምፒውተሩ መንቀርፈፍ ሲጀምር የሚባክነው ጊዜ ብቻ አይደለም፤ የቀጣዩ ደንበኛ ሥራም ይስተጓጎላል።

በዚህን ጊዜ ብዙዎች የሚሰሙት ምክር ግራፊክስ ካርድ እንዲገዙ ወይም ኮምፒውተሩን ጨርሰው እንዲቀይሩ ነው። ሁለቱም ከፍተኛ ወጪ ይጠይቃሉ፤ በአብዛኛው ግን የመዘግየቱ መንስኤ ሌላ ነው።

መንስኤውን ለመለየት ጥገና ቤት መሄድ አያስፈልግም። ዊንዶውስ በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች በአንድ ላይ ሲጫኑ ታስክ ማናጀር የተሰኘው መስኮት ይከፈታል። የፎቶ ማቀናበሪያው ተከፍቶ የዘወትር ሥራ በሚሠራበት ጊዜ “ፐርፎርማንስ” የሚለውን ገጽ መመልከት በቂ ነው። በመጀመሪያ መታየት ያለበት ራም ነው። ራም ሲሞላ ኮምፒውተሩ የተረፈውን መረጃ ወደ ዲስክ ስለሚገፋ፣ ዲስኩም 100 በመቶ ተይዞ ይታያል። ይህን ያላስተዋለ ሰው ጥፋቱን በዲስኩ ላይ ሊጥል ይችላል።

ፎቶ ራምን ይህን ያህል የሚሻማበት ምክንያት በቀላል ስሌት ይገኛል። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ ያነሣው አንድ ፎቶ 24 ሚሊዮን ነጥቦች አሉት። እያንዳንዱ ነጥብ በሦስት ቀለማት ይገለጻል፤ ባለ 16 ቢት በሆነው ጥራት ያለው አሠራር ደግሞ እያንዳንዱ ቀለም ሁለት ባይት ይይዛል። ድምሩ 144 ሜጋባይት ነው። ይህ የአንድ ንጣፍ ብቻ ነው። የሙሽራዋን ፊት፣ የኋላውን ገጽታና የጽሑፉን ክፍል በየራሱ ንጣፍ እየደራረበ የሚሠራ ሰው አምስት ንጣፍ ቢጠቀም ከ700 ሜጋባይት በላይ ይደርሳል። ፎቶሾፕ ወደ ኋላ ለመመለስ የሚያስቀምጠው የሥራ ታሪክ፣ የተከፈተው የኢንተርኔት ማሰሻና ዊንዶውስ ራሱ ሲጨመሩ 4 ጊጋባይት ራም ያለው ኮምፒውተር መታፈኑ አይቀርም። 8 ጊጋባይት ለመነሻ ያህል ነው፤ ዘወትር ለሚሠራ ባለሙያ 16 ጊጋባይት ተገቢው መጠን ነው።

ራም ከመግዛት በፊት ዓይነቱን ማረጋገጥ ግድ ይላል። ዲዲአር 3 እና ዲዲአር 4 የተባሉት ዓይነቶች የሚሰኩበት ጥርስ ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ታስክ ማናጀር ስንት መሰኪያ እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ ጭምር ያሳያል። አንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ግን ራሙ ከማዘርቦርዱ ጋር ተበይዶ የተሠራ በመሆኑ መጨመር አይቻልም።

ራሙ በቂ ሆኖ ኮምፒውተሩ አሁንም ከዘገየ ተራው የዲስክ ነው። በሚሽከረከር ሳህን ላይ መረጃ የሚያነበው ነባሩ ሃርድ ዲስክ በሰከንድ ከ100 እስከ 200 ሜጋባይት ገደማ ያነብባል፤ የተበታተኑ ትናንሽ ፋይሎችን ሲፈልግ ደግሞ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይቀንሳል። በተመሳሳይ ገመድ የሚገናኝ ኤስ ኤስ ዲ እስከ 550 ሜጋባይት ድረስ ይሄዳል፤ የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለውም ትናንሽ ፋይሎች አያንገላቱትም። ለአሮጌ ኮምፒውተር ከዚህ የበለጠ ለውጥ የሚያመጣ ዕቃ ማግኘት ያስቸግራል። ዊንዶውስ፣ ማቀናበሪያውና በእጅ ያለው ሥራ በኤስ ኤስ ዲው ላይ ቢቀመጡ፣ የቆዩት አልበሞች በነባሩ ሃርድ ዲስክ ላይ መቆየት ይችላሉ።

የግራፊክስ ካርድ ጉዳይ የሚነሣው ከዚህ በኋላ ነው። ብርሃን ማስተካከል፣ መከርከምና ቀለም ማረም ብርቱ ካርድ አይጠይቁም። በጨለማ የተነሣን ፎቶ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያጠሩ አዳዲስ መሣሪያዎች ግን ካለ ጥሩ ካርድ ለአንድ ፎቶ ደቂቃዎችን ሊወስዱ ይችላሉ። ከቢሮ አገልግሎት የወጡ ትናንሽ ዴስክቶፖች የኃይል አቅራቢያቸው አነስተኛ፣ ሳጥናቸውም ጠባብ በመሆኑ፣ ካርዱ ከተገዛ በኋላ አልገባም ማለቱ የተለመደ ነው።

በአሮጌ ማሽን ላይ የሚወጣው ገንዘብም ልክ አለው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4/2018 ዓ.ም አቋርጧል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በአብዛኛው ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነ የኢንቴል ፕሮሰሰር ይፈልጋል። ከዚህ በታች ለሆነ ኮምፒውተር ኤስ ኤስ ዲ መግዛት አያስቆጭም፤ ወደ ሌላ ማሽን ይዛወራልና። ውድ የዲዲአር 3 ራም ግን ከአሮጌው ማሽን ጋር አብሮ ይቀራል።

ፍጥነቱ ተስተካክሎም የታተመው ፎቶ ጠቁሮ ቢወጣ ጥፋቱ የማተሚያ ቤቱ ላይሆን ይችላል። ብዙ ስክሪኖች ከፋብሪካ ሲወጡ ብርሃናቸው የበዛ፣ ነጫቸውም ወደ ሰማያዊ ያደላ ነው። በእንዲህ ያለ ስክሪን ላይ ነጠላው የነጣ የመሰለው ባለሙያ፣ በወረቀት ላይ ቢጫነት ያጠላበት ልብስ ያገኛል። የስክሪኑን ብርሃን መቀነስ፣ ቀለሙን “ኤስ አር ጂ ቢ” በሚለው ምርጫ ላይ ማድረግና አንድ ፎቶ ለሙከራ አሳትሞ ጎን ለጎን ማስተያየት እምብዛም ወጪ የለውም።

ከኮምፒውተሩ ውጭ ያሉ ሁለት ነገሮችም ችላ ሊባሉ አይገባም። አንደኛው መብራት ነው፤ ፋይል በሚጻፍበት ቅጽበት ኃይል ቢቋረጥ ሥራው ሊበላሽ ስለሚችል ዩፒኤስ ከግራፊክስ ካርድ ይቀድማል። ሌላው የመጠባበቂያ ቅጂ ነው። በገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጡ፣ በላያቸው 16 ቴራባይት የተጻፈባቸው ተንቀሳቃሽ ዲስኮች አሉ። ውስጣቸው ያለው ትክክለኛ መጠን ከዚያ እጅግ ያነሰ ሲሆን፣ ሲሞሉ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ በቀደመው ፋይል ላይ ይጽፋሉ። ዲስኩን ዳር እስከ ዳር ሞልተው መልሰው የሚያነብቡ እንደ ኤች ቱ ቴስት ደብሊው ያሉ ነጻ ፕሮግራሞች ይህን ያጋልጣሉ። ፍተሻው ሰዓታት ቢወስድም፣ የአንድም ሰው ሠርግ ዲስኩ ላይ ከመጫኑ በፊት መከናወን አለበት።