አልበርት ናማትጂራ፤ የውሃ ቀለም ሠዓሊ

«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ይላል ያገራችን ሰው። የዚህን ተረት እውነት በውሃ ቀለም የሚሥል ሰው ያህል የሚያውቀው የለም። በዘይት ቀለም የሚሠራ ሠዓሊ የተሳሳተውን ሌላ ቀለም ደርቦ ይሸፍነዋል። የውሃ ቀለም ግን ስስ ስለ ሆነ ከሥሩ ያለውን አይደብቅም፤ ነጭ ባስፈለገ ጊዜም ወረቀቱ ሳይቀባ ይተዋል። ስለዚህ ሠዓሊው ብሩሹን ከማንሣቱ በፊት ሥዕሉን በልቡ መጨረስ አለበት።

በዚህ ጥበብ ስማቸው ከተጠራ ሰዎች አንዱ አልበርት ናማትጂራ ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1902 ዓ.ም. በመካከለኛው አውስትራሊያ፤ ሔርማንስበርግ በተባለ የሉተራውያን ሚሲዮን ተወለደ። ወገኑ ከጥንት ጀምሮ የዚያ ምድር ባለቤት የሆነው የአረርንተ ሕዝብ ነው። አናጢ፤ ብረት ቀጥቃጭና ግመል ነጂ ሆኖ ሲኖር፤ በ1934 ሬክስ ባተርቢና ጆን ጋርድነር የተባሉ ሠዓሊዎች በሚሲዮኑ ሥራቸውን አሳዩ። በሥዕሎቹ ላይ ያየው የራሱን አገር ነበርና እርሱም የመሣል ምኞት አደረበት። በ1936 ባተርቢ ሁለት ወር ያህል ለሥዕል ሲጓዝ፤ ናማትጂራ ግመሎቹን መራለት፤ ባተርቢም በፈንታው የቀለሙን አያያዝ አስተማረው። በ1938 በሜልቦርን ከተማ የመጀመሪያውን የግል ኤግዚቢሽኑን በከፈተ ጊዜ 41 ሥዕሎቹ በሙሉ ተሸጡ።

የሚሥለው ሐምራዊ ተራራ፤ ቀይ አፈርና ግንዱ እንደ ኖራ የነጣ ዛፍ ነበር። ዛፉ ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ ካልሆነው፤ ከዚያው ከአውስትራሊያ ከመጣልን ከባሕር ዛፍ ጋር ይዛመዳል። የፈረንጆችን አሣሣል ቀድቷል ብለው የነቀፉት ነበሩ። ዛሬ ግን ብዙዎች በሥዕሎቹ ውስጥ የአባቶቹን ምድር የሚያውቅ ሰው ዓይን ያያሉ።

በ1953 የንግሥት ኤልሳቤጥ የዘውድ በዓል ሜዳይ ተሸለመ፤ በ1954ም በካንቤራ ከንግሥቲቱ ፊት ቀረበ። ነገር ግን ይኸው ሰው የከብት ማርቢያ መሬት ልከራይ ቢል ተከለከለ፤ በአሊስ ስፕሪንግስ ከተማ ቤት ልሥራ ቢልም አልተፈቀደለትም። በ1957 እርሱና ባለቤቱ ሩቢና ሙሉ የዜግነት መብት አገኙ። ወገኖቹ ግን እንደ ሕፃን በመንግሥት ሞግዚትነት ሥር ቀሩ። ሕጉ ለእርሱ መጠጥ መግዛትን ፈቀደ፤ ለዘመዱ ማካፈልን ከለከለ። ባሕሉ ደግሞ ያለው ለሌለው እንዲያካፍል ያዝዛል። በ1958 መጠጥ ለወገኑ ሰጥቷል ተብሎ ተከሰሰና ስድስት ወር ተፈረደበት፤ በይግባኝ ወደ ሦስት ተቀነሰለትና ሁለት ወር ያህል ታሰረ። በነሐሴ 1959 በ57 ዓመቱ ዐረፈ።

መከራው ከመቃብር አላቆመም። በ1983 ንብረቱን የሚጠብቀው የመንግሥት ባለአደራ የሥዕሎቹን የቅጂ መብት በ8,500 ዶላር ለአንድ አሳታሚ ሸጠ። መብቱ ለቤተ ሰቡ ጥቅም ወደ ቆመው ማኅበር የተመለሰው በ2017 ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ሕጉን የጻፉት፤ ፈቃዱን የከለከሉት፤ ውሉንም የፈረሙት በጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ እንደ እኛ ያሉ ሰዎች ናቸው። ሠዓሊው ብሩሹን ሳያነሣ እንደሚያስብ ሁሉ፤ ብዕር የያዘ ሹምም ከመፈረሙ በፊት ወረቀቱ የሚደርስበትን ሰው በልቡ ቢያይ መልካም ነው። የባለሥልጣን ቀለምም አንዴ ከፈሰሰ አይታፈስም።